መድኃኒት የሚሸጡ ባለሱቆች ቢሠለጥኑ ምን ይለወጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሱቆቹን ሁሉ አሽጎ መጨረስ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አንድ ሳምንት አሠልጥኗቸው፣ ሰርተፍኬት ስጧቸው፣ አለቀ» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ሥልጠና ብዙ ነገር ያስተካክላል፤ የማይነካው ነገርም አለ፤ የማይነካው የቱ እንደሆነ ሳያውቁ ማሠልጠን ገንዘብ መበተን ነው። ከታች ያሉት በብዛት የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እነማንን ነው «መደበኛ ያልሆኑ መድኃኒት ሻጮች» የምትሏቸው?

ባጭሩ የፋርማሲ ትምህርት ሳይኖራቸው መድኃኒት የሚሸጡትን ነው። ግን አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ሳሙናና ባትሪ ከደረደረበት መደርደሪያ ላይ የራስ ምታት ክኒን የሚያስቀምጥ ባለሱቅ አለ። ክኒን በቦርሳ ይዞ የሚዞር አለ። መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ የሚሸጥ አለ። ለጥቂት መድኃኒቶች ብቻ ፈቃድ አውጥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ የሚሸጥ አለ። መርፌ የሚወጋና የአካባቢው ሰው «ዶክተር» የሚለውም አለ።

ሁሉም ሕገወጥ ናቸው ማለትም አይደለም። ለምሳሌ ናይጄሪያ ውስጥ የፋርማሲ ትምህርት የሌላቸው ሻጮች ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶችን፣ በፋብሪካ እሽጋቸው እንዳሉ፣ በፈቃድ መሸጥ ይችላሉ። ባክቴሪያን የሚያጠፋው አንቲባዮቲክ ግን በአብዛኛው ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውጭ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ፈቃድ አለው ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «የያዘውን ነገር ያውቀዋል ወይ?» የሚለውም አለ።

ሰው ለምን እነሱ ጋር ይሄዳል?

ቅርብ ስለሆኑ። ማታም ስለሚከፍቱ። ወረፋ ስለሌለ፣ ካርድ ማውጣት ስለማያስፈልግ፣ ዱቤ ስለሚሰጡ፣ ሙሉ ካርቶን ግዙ ስለማይሉ። ደግሞ ሻጩ ያውቃችኋል፣ በስም ይጠራችኋል፣ አይቆጣችሁም። ይህን ሁሉ ትቶ «ሕዝቡ ስለማያውቅ ነው» ማለት ስንፍና ነው።

ሥራውን የሚማሩት ከየት ነው?

ከሰው። አብዛኛው የሚጀምረው ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ነው፤ የአጎቱ ወይም የጎረቤቱ ሱቅ ውስጥ ይገባል፣ ይጠርጋል፣ ካርቶን ይሸከማል፣ ቀስ እያለ የመድኃኒቶቹን ስም ከነቀለማቸው ይለያል። «ለሆድ ይቺ፣ ለጉሮሮ ያቺ» ይባላል፣ እሱም ይይዛል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሱን ይከፍታል።

ይህ መንገድ ጥሩ ጎን አለው። ንግዱን፣ ሰው አያያዙን፣ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚያልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ችግሩ ከጌታው የሚወርሰው ስህተቱንም ጭምር መሆኑ ነው። ጌታው ለጉንፋን ሁሉ አሞክሲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚሰጥ ከነበረ ተማሪውም ያንኑ ያደርጋል፤ የእሱም ተማሪ እንደዚያው። ማንም አርሞት ስለማያውቅ ስህተቱ «ልምድ» የሚል ስም ያገኛል።

ሌላው አስተማሪያቸው አከፋፋዩ ነው። አዲስ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ «ይሄ ኃይለኛ ነው፣ ሰው ተመልሶ ይጠይቅሃል» ይላል፣ ይሄዳል። ሦስተኛው የሐኪም ማዘዣ ነው። ብልህ ሻጭ ማዘዣ ሲመጣለት ያነባል፣ ይይዘዋል፣ በሌላ ቀን ተመሳሳይ ሕመም ያለበት የመሰለው ሰው ሲመጣ ያንኑ ይደግማል። የመጀመሪያው ሰው ምን ተመርምሮ እንደታዘዘለት ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። አራተኛው ደንበኛው ራሱ ነው፤ «ባለፈው የሰጠኸኝ ቀይና ቢጫው ነው ያዳነኝ» ይለዋል። በካርቶኑ ውስጥ ያለችው ማብራሪያ ወረቀትስ? ፊደሏ ጉንዳን ታክላለች፣ የተጻፈችውም ብዙ ጊዜ ሻጩ በማያነበው ቋንቋ ነው። መጠቅለያ ሆና ታልቃለች።

ያልሠለጠነ ሰው ስህተት በተግባር ምን ይመስላል?

አስቡት። አንዲት እናት ልጅ አዝላ መጣች። ልጁ ሁለት ዓመት ገደማው ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። «የሚያቆምለት ነገር ስጠኝ» አለች። ሻጩ ልጁን ቀና ብሎ አላየውም። ከመደርደሪያው ሜትሮኒዳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ ስትሪፕ (ክኒኖቹ የተደረደሩበትን ማሸጊያ) አወረደና «ስንት ይዘሻል?» አላት። መልሷን ሰምቶ መቀሱን አነሳ። አራት ፍሬ ቆረጠ። «ግማሽ ግማሹን ጠዋትና ማታ» አለ፣ በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

አሁን ስህተቱን እንቁጠር። ክብደቱን ይቅርና ዕድሜውን አልጠየቀም። ሰገራው ደም አለው ወይ አላለም። ልጁ ይጠጣል ወይ፣ ያስመልሰዋል ወይ፣ ዓይኑ ሰርጉዷል ወይ አላለም። አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ልጅ የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2004 ጀምሮ በጋራ የሚመክሩት ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ነው፤ በ2004ቱ ምክራቸው ዚንኩ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከስድስት ወር በታች ከሆነ 10 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ምናልባት ሁለቱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መቀሱ ነው። የመድኃኒት ስትሪፕ ላይ የመበላሻ ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚታተመው ጫፉ ላይ ነው። ከዚያ ጫፍ ቆርጦ ከሸጠ ሱቁ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ቀን የለውም። ከሌላው ጫፍ ከቆረጠ ደግሞ እናትየዋ የያዘችው ቁራጭ ቀን የለውም፤ አንዳንዴ ስምም የለውም። ልጁ ነገ ሲብስበት ጤና ተቋም ብትወስደው «ምን ሰጥተሽው ነበር?» ሲሏት የምታሳየው ነጭ ክኒን ብቻ ነው። የሠለጠነ ሻጭ ቢያንስ ቀኑ ያለበትን ጫፍ መጨረሻ ድረስ ያቆየዋል፣ የቆረጠውን ደግሞ ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ጽፎ ይሰጣል። የሦስት ደቂቃ ትምህርት ናት። ግን የሚነግረው ሰው ካልመጣ በሠላሳ ዓመትም አያውቃትም።

ትምህርት ቤት የገባ ሻጭ ካልገባው ይሻላል?

በአንዳንድ ነገር፣ አዎ። ማንበብ የሚችል ሰው ቀን ያያል። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው በክብደት የሚለካ ሽሮፕ ሲሰጥ አይደናገርም። አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ብንወስድ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ የሚለው በክብደት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ ስብ ካለው ምግብ ጋር። ይህን በቃል ማስረዳት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ግን አሥረኛም ሆነ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ማንም አንቲባዮቲክ ለማን እንዴት እንደሚሰጥ አያስተምርም። ስለዚህ የትምህርት ደረጃው ከፍ ያለ ሻጭ ሁልጊዜ የተሻለ ሻጭ አይሆንም።

ግማሽ ዕውቀትም የራሱ ጣጣ አለው። ትንሽ የጤና ትምህርት የቀመሰ ሰው ድፍረቱም አብሮ ያድጋል። ምንም ያልተማረው ባለሱቅ መርፌ ይፈራል፤ የተማረው ግን «እኔ እኮ ሠርቼበታለሁ» ይልና ይወጋል፣ ግሉኮስ ይሰቅላል። ናይጄሪያ ይህን ለማስተካከል የሞከረችው ሻጮቹን በሦስት ደረጃ በመክፈል ነው። የመጀመሪያው የጤና ትምህርት ለሌላቸው፣ ሁለተኛው እንደ ነርስና አዋላጅ ያለ የጤና ሙያ ላላቸው፣ ሦስተኛው ለፋርማሲ ቴክኒሻኖች። የሚፈቀድላቸው አገልግሎትም እንደ ደረጃቸው ይሰፋል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አንድ ነገር ከማስተማር ይሻላል።

ሥልጠና በእርግጥ ይሠራል? ማስረጃ አለ?

አለ። ምን ላይ ይሠራል የሚለውን ግን ለይቶ ማየት ነው።

በኬንያ ኪሊፊ አካባቢ የገጠር ባለሱቆችን ያሠለጠነ ፕሮግራም ነበር። ልብ በሉ፣ የመድኃኒት ሱቅ እንኳ አይደለም፤ ተራ ሱቅ ነው። የተማሩት ጠባብ ነገር ነው፤ ትኩሳት ላለበት ልጅ ክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት እንዴት እንደሚሰጥ። ከሥልጠናው በፊት ከሱቅ በተገዛ ክሎሮኪን ከታከሙት የልጆች ትኩሳቶች በቂ መጠን የተሰጠው ከመቶ 4 ገደማው ነበር። ከሥልጠናው በኋላ ወደ 65 ወጣ። ውጤቱ በ1999 ታትሟል። በዚህ ዘርፍ እንዲህ ያለ ዝላይ ብዙ አይታይም።

ሁለተኛው የምዕራብ ቤንጋል፣ ሕንድ ነው። እዚያ የታዩት ያለ ሕክምና ዲግሪ የሚያክሙና መድኃኒትም የሚሰጡ የገጠር ሰዎች ናቸው። ከ304ቱ 152ቱ በዕጣ ተመርጠው ለዘጠኝ ወር 72 ክፍለ ጊዜ ተማሩ። ውጤቱ በ2016 ወጣ። ትክክለኛ ሕክምና የመስጠት መጠናቸው ከሌሎቹ በ7.9 የመቶኛ ነጥብ በልጦ ተገኘ። ጥሩ ነው። ግን አላስፈላጊ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ መስጠታቸው ንቅንቅ አላለም። ዘጠኝ ወር ተምረው!

ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ነገሩ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ሥልጠና አንድን ነገር *ጨምሮ* ወይም *አስተካክሎ* እንዲሰጥ ማድረግ ይችላል። ትክክለኛ መጠን፣ የጎደለ ጥያቄ፣ ኦአርኤስ መጨመር፣ ወደ ሐኪም መላክ። *አትሽጥ* የሚለው ላይ ሲደርስ ግን አቅሙ ያልቃል። ኪሊፊ ላይ ባለሱቁ በቂ መጠን ሲሰጥ ሽያጩ አልቀነሰበትም፤ እንዲያውም ጨመረለት። አንቲባዮቲክ መከልከል ግን ከኪሱ መቁረጥ ነው።

የኪሊፊ ነገር ሌላም ትምህርት አላት። ክሎሮኪንን ወባው ለመደው፤ ኬንያም በ2004 ወደ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ለመቀየር ወሰነች። ያ ሁሉ ባለሱቅ በደንብ የተማረው መድኃኒት ጊዜ አለፈበት ማለት ነው። የመድኃኒት ዕውቀትም እንደ መድኃኒቱ የመበላሻ ቀን አለው፤ አንድ ጊዜ ተምሮ የሚያበቃ ነገር አይደለም።

እያወቀ የማያደርገው ለምንድን ነው? ክፉ ስለሆነ ነው?

አይደለም፣ ወይም አብዛኛው አይደለም።

ተመራማሪዎች ይህን የሚያዩበት ጥሩ ዘዴ አለ። መጀመሪያ ሻጩን ቁጭ አድርገው ይጠይቁታል፤ «ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቢመጣ ምን ትሰጣለህ?» ይሉታል፣ እሱም ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። ከዚያ በሌላ ቀን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እንደ ተራ ደንበኛ ይላካል። ያኔ ሻጩ የሚሰጠው ሌላ ነው። በአፉ የመለሰውና በእጁ የሚሰጠው አይገጥሙም። የምዕራብ ቤንጋሉም ጥናት የተለካው በእንደዚህ ዓይነት ደንበኞች ነው፤ በወረቀት ፈተና ቢለካ ኖሮ ምናልባት ከዚህ በላይ አምሮ ይታይ ነበር።

ለምን አይገጥምም? አንደኛ፣ ሻጩ የሚኖረው ከሽያጭ ነው። ምክር በነጻ ነው፤ ክኒን ነው ገንዘብ የሚያመጣው። «ምንም አያስፈልግህም፣ ውኃ ጠጣ፣ ዕረፍ» ብሎ የሸኘው ሰው ላይ ሳንቲም አላገኘም። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ወስኖ ነው የሚመጣው። ስሙን ጠርቶ ይጠይቃል፣ እምቢ ሲባል «ማዶ ያለው ይሰጠኛል» ብሎ ይሄዳል፤ እውነቱን ነው፣ ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ነው የሚሸጠው። ስለ ዚንክ ተምሮ ተመልሶ አከፋፋዩ ዚንክ ከሌለው ዕውቀቱ ደብተር ላይ ይቀራል። አራተኛ፣ ጊዜ የለም፤ ሦስት ሰው ተሰልፎ «ልጁ ስንት ኪሎ ነው?» እያሉ መመርመር ለንግድ አይመችም።

እና ደግሞ ይሉኝታ አለ። ሻጩ ሰፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ትናንት ዱቤ የሰጠውን፣ ነገ ለቅሶ የሚደርስለትን ሰው «ይህን አልሸጥልህም» ማለት በክፍል ውስጥ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ሥልጠናዎች ይህን ሲዘነጉ ይገርመኛል። እንዴት አድርጎ ሳያስቀይሙ እምቢ እንደሚባል በተግባር ማለማመድ አንድ ሙሉ ከሰዓት ቢሰጠው አይበዛበትም።

መመርመሪያ ብንሰጣቸውስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2010 ጀምሮ ወባ በምርመራ ሳይረጋገጥ እንዳይታከም ይመክራል፤ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ደግሞ ለመማር ከባድ አይደለም። በዩጋንዳ ሙኮኖ ወረዳ የመድኃኒት ሱቅ ሻጮችን አሠልጥነው መመርመሪያውን ሰጧቸው፤ ሻጮቹ በደንብ ሠሩበት፣ ወባ ለሌለበት ሰው የወባ መድኃኒት መሸጡም ቀነሰ።

ግን ምርመራው «ወባ የለም» ሲል ሰውየው አሁንም ትኩሳት አለው፣ አሁንም ገንዘብ ይዞ ቆሟል። ያኔ እጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ አንቲባዮቲክ። በ2017 የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና ይህንኑ አሳይቷል፤ የወባ ምርመራ በገባባቸው ቦታዎች የወባ መድኃኒት ሲቀንስ አንቲባዮቲክ ጨመረ፤ ይህ ደግሞ በጤና ተቋማትም ታይቷል፣ በሻጮች ብቻ አልነበረም። ስለዚህ «ወባ ሲኖር ይህን ስጥ» ብሎ አስተምሮ «ሳይኖር ምን ላድርግ» የሚለውን ባዶ መተው ጅራቱን ቆርጦ እባብ መልቀቅ ነው።

አንቲባዮቲክ ላይ ይህን ያህል ማክረር ለምን አስፈለገ?

ተህዋሲያኑ መድኃኒቱን ስለሚለምዱት። በ2019 በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። አራት ፍሬ ቆርጦ መሸጥ የዚህ አካል ነው። በእርግጥ ሻጮቹ ብቻ አይደሉም፤ ሐኪሙም፣ እርሻውም አለበት።

ጥሩ ሥልጠና ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ አዳራሽ አይመስልም። ሻጭ ሱቁን አምስት ቀን ከዘጋ ገቢው ቆመ፣ ደንበኛውም ሌላ ለመደ። ስለዚህ ወይ አይመጣም፣ ወይ የማይሸጠውን የወንድሙን ልጅ ይልካል። ሱቁ ዘንድ ሄዶ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ደግሞ ደጋግሞ ማስተማር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመውን ሰው ማሠልጠን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠለጥነው ባለቤቱ ነው፣ የሚሸጠው ሠራተኛው ነው። ሠራተኛው ደግሞ በየጊዜው ይቀየራል። የሠለጠነው ሲሄድ ሥልጠናውም አብሮት ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ነገር በደንብ። ስለ ሃምሳ በሽታ ከማውራት አራት ነገር እጁ ላይ ማስገባት ይበልጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ ቀድሜ የማስተምረው መድኃኒት እንኳ አይደለም፤ የአደጋ ምልክት ነው። ልጁ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት ካልቻለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንፈራገጠው፣ ወይም ፈዞ ካልነቃ፣ ምንም ሳይሸጡለት ወደ ጤና ተቋም። ትንፋሽ መቁጠርም መማር ይቻላል፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ በሰዓት ይቆጠራል፤ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሳል ኖሮበት እንዲህ የሚተነፍስን ልጅ በሳል ሽሮፕ መሸኘት የሳንባ ምችን መሸፈን ነው።

አራተኛ፣ በእውነተኛ ዕቃ መለማመድ። ካርቶኑን አምጡ፣ ቀኑን አንብቡ፣ የኦአርኤሱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ነው ወይስ ለግማሽ የሚለውን ፈልጉ። በዚች ብቻ የሚሳሳተው ሰው ቁጥር ያስደነግጣል፤ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ የአንድ ሊትሩን ከበጠበጡት ለልጁ እጥፍ ጨው ነው የሚሰጡት።

አምስተኛ፣ ሥልጠናውን ብቻውን አለመተው። ሃኖይ ውስጥ በግል ፋርማሲዎች ላይ የተሞከረና ውጤቱ በ2002 የታተመ ሥራ ሦስት ነገር አጣምሮ ነበር፤ ደንብ ማስከበር፣ ፊት ለፊት ማስተማር፣ እርስ በርስ የሙያ ቁጥጥር። የሻጮቹ አሠራር ተሻሻለ። ተቆጣጣሪ ብቻውን ሲመጣ ዕቃው ይደበቃል፤ አሠልጣኝ ብቻውን ሲመጣ ምሳ ተበልቶ ይለያያል። አንድ ላይ ሲመጡ ነው ነገሩ የሚሠራው።

ታንዛኒያን ሁሉም የሚጠቅሳት ለምንድን ነው?

ማሠልጠን ብቻ ስላልነበረ። በ2003 በሩቩማ ክልል የተጀመረው ፕሮግራም በስዋሂሊ «ዱካ ላ ዳዋ ሙሂሙ» ይባላል፤ የአስፈላጊ መድኃኒት ሱቅ እንደማለት ነው። ቀድሞ ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን ብቻ እንዲይዙ ተፈቅዶላቸው ሌላውን በድብቅ ይሸጡ የነበሩ ሱቆች ነበሩ። አዲሱ ፕሮግራም ሱቁ ማሟላት ያለበትን አስቀመጠ፣ ሻጩንም ባለቤቱንም አሠለጠነ፣ ከዚያ በምላሹ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችን ጨምሮ የተወሰኑ በማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶችን በሕጋዊ መንገድ እንዲይዙ ፈቀደ። ከዚያ ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፋ።

ብልሃቱ ልውውጡ ላይ ነው። «ተማር» ብቻ አላሉትም፤ «ብትማርና ሱቅህን ብታስተካክል በግልጽ ትሸጣለህ» አሉት። የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ደንብ አያከብርም። ፈቃዱን እንዳያጣ የሚፈራ ሰው ግን ሌላ ነው። ይህ ማለት እዚያ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም፤ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ በእነዚህ ሱቆችም ታይቷል።

ሐሰተኛ መድኃኒት እንዲለዩ ማሠልጠን ይቻላል?

በከፊል። የፊደል ስህተት፣ የተቀደደ ማሸጊያ፣ ካርቶኑ ላይና ስትሪፑ ላይ የማይመሳሰል ቁጥር፣ ሲነኩት የሚፈርስ ክኒን፣ ከገበያው በጣም የረከሰ ዋጋ። እነዚህን ማስተማር ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እንደገመተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከአሥር መድኃኒት አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ያስፈልጋል።

ዓይን ግን ገደብ አለው። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ቢያንስ ከ66 ሕፃናት ሞት ጋር የተያያዙት የሳል ሽሮፖች ውስጣቸው ኩላሊት የሚያበላሽ ኬሚካል ነበረባቸው። ያንን በዓይን አይቶ የሚያውቅ ፋርማሲስትም የለም፤ ላቦራቶሪ ነው የሚያውቀው። ሻጩ ማድረግ የሚችለው ከታወቀ አከፋፋይ በደረሰኝ መግዛት፣ የመለያ ቁጥሩን መዝግቦ መያዝ፣ ይሰብሰብ ሲባል ከመደርደሪያ ማውረድ ነው። በነገራችን ላይ መዝገብ አያያዝን የሚያስተምር ሥልጠና ትንሽ ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ ይመስለኛል።

ማሠልጠን ሕገወጥነትን ማበረታታት አይሆንም?

የፋርማሲስቶች ማኅበራት ይህን ስጋት ሲያነሱ ከሥራ ፉክክር ብቻ ነው ብሎ ማጣጣል ልክ አይደለም። ስጋቱ እውነት ነው፤ አምስት ቀን የሠለጠነ ሰው ነገ ነጭ ጋዋን ሊለብስ ይችላል። ግን አማራጩን እንይ። ፋርማሲስት በሌለበት ቦታ ሱቁን ማሸግ በሽታውን አያሽግም። ሽያጩ ከሱቅ ወደ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ወደ ጓዳ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ማንም አያየውም። የእኔ አቋም፣ ሥልጠናው ምን ማድረግ እንደማይፈቀድ በግልጽ ይናገር፣ መርፌ እንዳይነካ ይከልክል፣ ከዚያ ይሰጥ።

ግድግዳው ላይ ሰርተፍኬት ሰቅሏል። ይበቃኛል?

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ሰርተፍኬቱ የማን ስም እንዳለበትና መቼ እንደተሰጠ እዩ። ብዙ ጊዜ ስሙ የተጻፈው ሰው እዚያ የለም።

እንግዲያው ጥሩ ሻጭ በምን ይታወቃል?

በሚጠይቀው። መድኃኒቱ ለማን እንደሆነ፣ ዕድሜውን፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ መሆኗን፣ ሌላ ምን እንደተወሰደ፣ መድኃኒት የማይስማማው እንደሆነ ይጠይቃል። ዕቃውን ፀሐይ ላይ አይደረድርም። ሲቆርጥ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። አወሳሰዱን ነግሮ «እስቲ ድገሚልኝ» ይላል። ከሁሉም የሚለየው አንዳንዴ ባዶ እጅ የሚሸኝ መሆኑ ነው።

እኔ ራሴ ሻጭ ነኝ። ሥልጠና እስኪመጣ ምን ላድርግ?

ዛሬ ማታ ሱቁን ሲዘጉ መደርደሪያውን ያውርዱ። ቀኑ ያለፈውን ይለዩ፤ ቀን የሌለውን ቁራጭ ሁሉ ካለፈበት ጋር ይቁጠሩት። መርፌና ጡንቻ ውስጥ የሚወጉ ነገሮችን ያስወጡ። ዴክሳሜታዞንን «ምግብ ያስበላል» ብለው መስጠቱን ያቁሙ፤ ስቴሮይድ ነው፣ ሰውየውን የሚያወፍረው ጤና ሆኖ አይደለም። ኦአርኤስና ዚንክ ከሌለዎት ነገ ይዘዙ። በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ተቋም ስልክ በትልቁ ጽፈው ከሂሳብ ማሽኑ አጠገብ ይለጥፉ፣ የሚልኩትንም ሰው ስሙን፣ ምልክቱንና የሰጡትን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ያስይዙት። እዚያ ያለው ነርስ ወረቀትዎን ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ እርስዎም ሄደው «የላክሁት ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብለው መጠየቅ አይከብድዎትም።